የንስሩ ጠብታ

የሰፈሩ ሰው ንስር ይለዋል። የማስታወቂያ ሰሌዳ ጸሐፊ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ መሰላል ወጥቶ፣ ማስመሪያ ሳይነካ ፊደል ሲያሰልፍ ሠላሳ ዓመት ኖሯል። ይህ ጀግና ታዲያ አንድ ነገር ይፈራል፤ ዓይኑ ውስጥ የምትገባ ጠብታ። ፍርሃቱን ራሱም አይክድም። «ንስር ያሉኝ ዶሮ አይተው ስለማያውቁ ነው» ይላል።

የዓይን ክሊኒኩን ሰሌዳ የጻፈው እሱ ነው። «ዓይንዎን በጊዜ ይመርመሩ» ብሎ በሰማያዊ ቀለም ጻፈና ስድስት ዓመት ሙሉ በሥሩ ተመላለሰ፤ አንድም ቀን ነገሩ እኔን ይመለከት ይሆን ብሎ አላሰበም። ለመነጽር ብሎ ሲገባ ግላኮማ ተገኘበት። ከሃያ አንድ ማለፍ የማይገባው የዓይኑ ግፊት ሃያ ዘጠኝ ሆኖ ነበር።

ሐኪሟ ቀስ ብላ አስረዳችው። ዓይን ውስጥ የሚመነጨው ፈሳሽ መውጫው ሲጠብበት ግፊቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ነርቩን ይጎዳል፣ የተጎዳው ደግሞ አይመለስም አለችው። ፊደል የማያይ ጸሐፊ ምን ይባላል? በየቀኑ ከእራት በፊት የሚደረግ ጠብታ ታዘዘለት።

በገዛ እጁ ሞክሮ አልሆነለትም፤ ጠርሙሱ ገና ከኪሱ ሲወጣ ዓይኑ ይጨፈናል። ሥራውን ሚስቱ ተረከበችው። እሷ ልብስ ሰፊ ነበረች። ባለፈው ዓመት ሰለቸኝ ብላ የስፌት መኪናዋን ብትሸፍነውም፣ «የመርፌ ቀዳዳ ያልሳተ እጅ ያንተን ዓይን አይስትም» አለችው። ስለዚህ በየምሽቱ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ጥርሱን ነክሶ ይቀመጣል።

«ግለጥ» ትለዋለች።

የስንጥቅ ያህል ይገልጣል።

«ገባ» ትለዋለች። እሷ ገባ ካለች ገባ ነው። በጉንጩ የሚወርደውን ትራፊ ጠርጎ፣ ከጦር ሜዳ እንደ ተመለሰ ሰው እራቱን ይጠይቃል።

በሦስተኛው ወር ግፊቱ ሲለካ ሃያ ዘጠኝ ሆነ። በስድስተኛው ሠላሳ። ሐኪሟ ጠብታውን አቋርጦ እንደሆነ ጠየቀችው። አንድም ቀን አላለፈንም ብሎ ማለላት፤ እውነቱንም ነበር።

ከዚያ ልጃቸው ወለደችና ሚስቱ ልታርሳት ሄደች። የሰፈሩ መድኃኒት ቤት በዚያው ሳምንት ጠብታው አልቆበት ስለነበር፣ ንስር ከተማውን አቋርጦ ከሩቅ ገዛ። የሚያደርግለት ሲያጣ ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ በየምሽቱ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው፤ ግንባሩን እንደ ደንበኛ ይዞ ጠብ አደረገለት። ዓይኑን አቃጥሎ አስለቀሰው። በወሩ ግፊቱ አሥራ ስምንት ሆነ።

ሚስቱ ስትመለስ የሰፈሩ መድኃኒት ቤትም ጠብታ ገብቶለት ነበርና እንደ ወትሮው ከዚያው ገዛ። ግፊቱ ወደ ሃያ ስምንት ተመለሰ።

ንስር ነገሩ ወለል ብሎ ታየው። የሰፈሩ ባለመድኃኒት ውሃ ነው የሚሸጠው። የሩቁ ያቃጥላል፣ የዚህኛው ጭራሽ አይሰማም፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? ሰላምታ ነሣው። ሰውዬው ሰሌዳውን እንዲያድስለት ቢለምነው ቀለም የለኝም አለው፤ እጁ ግን እስከ ክርኑ አረንጓዴ ነበር።

«ዓይነ ደረቅ» አለ ለሚስቱ። «ሰው እያሳወረ ፈገግ ይልብኛል።»

«ሰው በከንቱ አትማ» አለችው፣ ሻይ እየቀዳችለት። ሻዩ ከስኒው አልፎ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። በቁጣዬ አስደነገጥኳት ብሎ አፈረና ራሱ ጠረገው።

ሐኪሟ ጠብታው ካልያዘለት ሌዘር እናድርግ አለችው። ሌዘር ሲባል የታየው የብየዳ ብልጭታ ነው፤ ዓይኔን ልትበይጂው ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። እሷም ስቃ፣ መውጫውን የሚከፍት ብርሃን እንጂ ብየዳ እንዳልሆነ፣ አምስት ደቂቃ እንደማይፈጅ፣ በእግሩም ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ነገረችው። ንስር ላስብበት ብሎ ወጣ፤ ያሰበው ግን የሚያመልጥበትን ሰበብ ነበር።

ሌዘሩን የወደደችው ሚስቱ ናት። እንዲያውም አላስቀምጥ አለችው።

«በእኔ እጅ ከምትቆይ በማሽኑ ይሻልሃል» አለች።

ጩኸቴ ሰልችቷት ነው ብሎ በራሱ ሳቀ። እውነትም ዓይኑ እየሄደበት እሱ ከጠብታ ይደበቃል፤ በራሱ አፈረና ቀጠሮ ያዘ።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሟ ነርሷን አንድ ነገር አዘዘቻት፤ ከሌዘሩ በፊት ጠብታው ቤት እንዴት እንደሚደረግ እንድታይ። ነርሷ ጠርሙሱን ለሚስቱ ሰጠቻት። ሚስቱ ወዲያው አልጀመረችም።

«እዚህ መብራቱ አይመቸኝም» አለች። ክፍሉ ንስር እጁን ግንባሩ ላይ እስኪያደርግ ድረስ ወለል ብሎ በርቷል።

አንገቱን ወደ ኋላ ጣለ።

«ግለጥ። ገባ» አለች ሚስቱ።

ያቺ የለመዳት ቅዝቃዜ በጉንጩ ወረደች። ዓይኑን መልሶ ጨፈነና ስለ ባለመድኃኒቱ ውሃ ክሱን ለነርሷ ያቀርብ ጀመር፤ ምስክር ያገኘ መስሎታል። ነርሷ ግን ከጉንጩ አጥንት ላይ፣ ከዓይኑ ሥር ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ፣ ጠብታውን በጥጥ ጠረገችለት።

«አንዴ ይታገሡኝ፣ አባባ» አለች። ቀጥላም በለሰለሰ ድምፅ፣ «ይህ ስንት ነው?» ብላ ጠየቀች።

ይህቺንማ ብሎ ገለጠ። ሦስት ጣት። ሦስት ብሎ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ግን ጣቶቹ ወደ እሱ እንዳልዞሩ አየ፤ የተዘረጉት ከሚስቱ ፊት አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነበር።

«ምኑ?» አለች ሚስቱ።