የሁለት ሰው ሥራ

ሁለት ሰው ብቻ የምትይዘው አሮጌ የስፖርት መኪና በከተማው አንድ ለእናቷ ነች። መጀመሪያ የአንድ ሐኪም ነበረች፣ ከዚያ የነጋዴ። በመጨረሻ የሚጠግናት መካኒክ ታላቅ ወንድም እጅ ገባች፤ እንደ ሙሽራ አስጊጦ ሲነዳት ኖሮ፣ አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ይዛው ተገለበጠችና ሞተ።

አሁን ሚስቱ ልትሸጣት ነው። "ካንተ ሌላ ሰው አላስነካትም" ስትለው መካኒኩ አንገቱን ደፋ። ወንድሙ ሳይሞት በፊት መለዋወጫ መጠበቅ ታክቶት፣ አሮጌውን የፍሬን ቱቦ አጥቦ መልሶ፣ "አዲስ ነው ጋሼ፣ አይዞህ" ማለቱን አልነገራትም። ዘንድሮ ግን እውነተኛውን አዲስ ቱቦ ከባሕር ማዶ አስመጥቶ ገጠመላት፤ ለማያውቀው ገዢ።

የቀረው የፍሬኑን አየር ማውጣት ነበር። የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አንዱ ከላይ ይረግጣል፣ ሌላው ከሥር ቡሎን ከፍቶ አየሩን ያስወጣል። መካኒኩ መኪናዋ ሥር ተኝቶ የወንድሙን ሚስት ጠበቀ። የመኪናዋ በር ተከፍቶ ተዘጋ። ወንበሩ ሲጥ አለ።

"ርገጪ፣ እትዬ!"

ፍሬኑ ተረገጠ። ዘይቱ አረፋ እየደፈቀ ወጣ።

"ያዢው... በቃ ልቀቂ። አንቺማ ከኔ በላይ መካኒክ ወጣሽ!"

ፍሬኑ ተለቀቀ።

የጋራዡ በር ተከፈተና የእትዬ ጫማ ደጃፉ ላይ ታየው። "ታክሲ አጥቼ ነው የቆየሁት፣ ይቅርታ። ከማን ጋር ነው የምታወራው?"

አፉን ከመክፈቱ በፊት ከላይ ፍሬኑ እንደገና ተረገጠ። ከዚያም ደጋግሞ፣ በጥድፊያ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ያለው ሰው እንደሚረግጠው።