ጠብታ የማታስገባ ጀልባ

ቧንቧው በወር አንዴ ብቻ አስሎ ውሃ በሚተፋበት ሰፈር፣ አንድ ጡረተኛ ግቢው ውስጥ ከኮምፔርሳቶ ጀልባ ይሠራ ነበር። ከዚህ ዓለም የቀረው ምኞት አንድ ብቻ ነው፤ ቢሾፍቱ ሐይቅ መሐል፣ ጨቅጫቂ በሌለበት፣ ተንሳፎ ዳዊቱን መድገም።

«አባታችን ኖኅ፣ አንበሶቹን መቼ ነው የምታስገባቸው?» አለችው ሚስቱ፣ ሳይታጠብ የተከመረውን የወር ልብስ እየተሻገረች።

«ሳቂ፣ ግድ የለም! ይቺ ጠብታ አታስገባም» አለ፣ ስንጥቋን በስቱኮ እየደፈነ።

«እስቲ እናያለን።»

ሰማያዊ ቀባት፤ አልበቃውም፣ ደገማት። ጎኗ ላይ ነጭ መስቀል ሣለባት። ቀለሙ ሲደርቅ አማተበና ፒክአፕ ሊጠራ ወጣ።

ሾፌሩን አስከትሎ ሲመለስ ሚስቱ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ፣ የውሃውን ጎማ ይዛ ቆማለች። ጀልባዋ እስከ አፏ ጢም ብላለች።

«ውሃ መጣልን እኮ!» አለችው፣ ፊቷ በርቶ። «እውነትህን ነው፣ ጠብታ አታፈስም። እጅህ ይባረክ!»

በሠላሳ ዓመት ትዳር ከአፏ ሰምቶት የማያውቀው ምርቃት ነበር።

«ጋሼ፣ እንጫን?» አለ ሾፌሩ።

ሚስቱ ከግቢው ዛፍ ወደ ጀልባዋ የሚረግፈውን ቅጠል አየችና ወደ ባሏ ዞረች።

«ክዳኗንስ መቼ ነው የምትሠራልኝ?»