ሎሚ ያነሰው ጣፋጭ

ሚያዝያ ሃያ ሰባት ጠዋት ፓፓያ፣ ብርቱካንና ሙዝ ከትፋ በስኳር ለወሰች። ጣሊያን አገር ስትማር የለመደችው ጣፋጭ ነው፤ ማቼዶኒያ ይሉታል። ስሙን ግን ለማንም አልተነፈሰችም። በአርበኞች ቀን የጣሊያን ስም አይጠራም።

አባቷ መርሳት ከጀመሩ ወዲህ አንደበታቸው ተቆልፏል። የሰፈሩ አርበኞች ዛሬ የተሰበሰቡት ግን እሳቸውን ሊሰሙ ነው፤ ከበረሃ ዘመናቸው አንዲት ነገር ካወሩ ለአርበኝነት ሜዳልያ ይመሰክሩላቸዋል። እሷም ብትሆን የአባቷን የጦር ሜዳ ወሬ አንድ ቀን እንኳ ሰምታ አታውቅም። ከአርበኞቹ መሃል፣ ጣሊያን ባላቸውን ከሰቀለባቸው ጀምሮ ጥቁር ያላወለቁት ወይዘሮ የሺመቤት ተቀምጠዋል።

«ጀግናው፣ እስቲ ያጫውቱን!» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ወይስ ምላስዎንም ጣሊያን ማረከው?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ልጅቷ አባቷን ከጣፋጩ አንድ ማንኪያ አጎረሰቻቸው፤ ዓይናቸው በራ።

«ማቼዶኒያሽ ሎሚ አንሶታል።»

ወደ አባቷ ጎንበስ አለች። «አባባ፣ ስሙን ማን ነገርዎት?»

«ለጣሊያኑ ካፒቴን አምስት ዓመት ሙሉ ስሠራ የኖርኩትን ጣፋጭ፣ ስሙን ሰው ይነግረኛል? ባላምባራስ ይርዳው የተደበቀበትን ዋሻ ያሳየሁት ዕለትማ፣ ካፒቴኑ ከራሱ ሳህን አጉርሶኛል።»

ወይዘሮ የሺመቤት የባላቸውን ስም ሲሰሙ ማንኪያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡና የራሳቸውን ሳህን ወደ ልጅቷ ገፉት።

«ጨምሪለት፣ ልጄ» አሉ። «ሲጎርስ ይናገራል።»