የጣቢያው ግድግዳ

ሥራዬን ሊያበላሸው የነበረው ሽንት ነው፤ ያውም ከጥፍር የማይበልጥ የቀለም ሽንት።

የድሮውን ባቡር ጣቢያ ከነመንገዱ አሳንሼ ጠረጴዛ ላይ ሠርቼዋለሁ። ስድስት ወር በቀጭን ብሩሽ ሐዲዱን የዛገ አስመስዬ፣ የቆርቆሮውን ጣሪያ አስረጅቼ፣ ግድግዳው ላይ «መሽናት ክልክል ነው» ብዬ ጽፌ፣ ከሥሩ ቢጫ እድፍ አውርጃለሁ። ነገ ለሕዝብ እንዲታይ ግን የቀድሞው የጣቢያ አለቃ «ልክ እንደ ጥንቱ ነው» ብለው መፈረም አለባቸው።

ዙሪያውን ቀይ ጥለት ያለበትን የሥራ ኮፍያቸውን አድርገው መጡ። «በጣቢያው ይህን ኮፍያ የሚያደርግ እኔ ብቻ ነበርኩ» እያሉ ጠረጴዛውን ሲዞሩ ቆዩና ግድግዳው ጋ ቆሙ።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ሽንት ነው፣ ጋሼ።»

«በእኔ ጣቢያ? ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው አልሸናበትም! ሊሸና የመጣውን ስንቱን ጆሮውን ይዤ ለፖሊስ አስረክቤያለሁ! አጥፊውና እፈርማለሁ።»

«አላጠፋም። ከፎቶ ነው የቀዳሁት።»

«እስቲ አሳዪኝ!»

ፎቶውንና አጉሊ መነጽሬን ሰጠኋቸው። ጽሑፉ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ከጽሑፉ ፊት ለፊት አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ፣ እግሮቹን አንፈራጥጦ ቆሟል። ኮፍያው ቀይ ጥለት አለበት።

አጉሊ መነጽሩን አንዴ ጠጋ፣ አንዴ ራቅ አደረጉት።

«ይህን ፎቶ ማን ሰጠሽ?»

«ባለቤትዎ።»

ፈረሙ። ኮፍያቸውን አውልቀው ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡና ወጡ፤ በሩንም ቀስ ብለው ዘጉት።