ጥላሸት የተቀባው ጠጠር

ቪካ ጠጠሩን በኮኮናት ዘይት ስታሸው ጥቁሩ አውራ ጣቷ ላይ ቀረ።

ጣቷን አየች፤ ጠጠሩን አየች። ከጥቁሩ ስር አመድማ ነጭ ብቅ ብሏል፤ ነጩ ላይ ደግሞ ምስር የምታክል ኮከብ የመሰለች የኮራል ቅርጽ አለች።

ባሕር ላይ ሰምጠው አስከሬናቸው የተገኘው አባቷ ከተቀበሩ ዛሬ አስረኛ ቀናቸው ነው። ፀሐይ ሳትበረታ መቃብራቸው ላይ ነጭ የኮራል ጠጠር ይነጠፋል፤ በነጩ መሃል ቶፉዋ ከምትባለው የእሳተ ገሞራ ደሴት የመጣ ጥቁር ጠጠር ይደረደራል። ጥቁሩ እንዲያብለጨልጭ ቪካና የመንደሩ ሴቶች መቃብር ግቢው ውስጥ ተቀምጠው በዘይት ያሹታል። ጥቁሩን ሊያመጣ የሄደው ወንድሟ ቴቪታ ነበር። ትናንት ሁለት ቅርጫት ሞልቶ መጣና ከማንም ጋር ሳይነጋገር ተኛ።

ቪካ አስተማሪ ናት፤ ይህን ለልጆች ስንቴ አስተምራዋለች። ጥቁሩ ከምድር ሆድ ቀልጦ የወጣ፣ ወዲያው ቀዝቅዞ የጠጠረ ነው፤ ውስጡ ቢፈለግ ነፍስ የነበረው ነገር አይገኝበትም። ነጩን ግን ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ናቸው የሠሩት። ቤታቸውን ሠርተው ይሞታሉ፤ ሌሎቹ በላያቸው ይሠራሉ፤ እነሱም ይሞታሉ። የዘይቱ ሽታ ነው መሰል እንቅልፍ እንቅልፍ አላት፤ መዳፏ ውስጥ ያለው ጠጠር የሚተነፍስ መሰላት።

“ምን ያፈዝሻል?” አሉ አክስቷ ኢሊሳፔሲ። የአባቷ ታላቅ እህት ናቸው፤ እሳቸው ሳይፈቅዱ መቃብሩ ላይ አንዲት ጠጠር አትቀመጥም።

ቪካ እጇን ጨበጠች። ብትናገር ወንድሟ በመንደሩ ፊት ይዋረዳል። ዝም ብትል የመጀመሪያው ዝናብ ጥላሸቱን ያጥበውና የሚዋረዱት አባቷ ናቸው። ጨነቃት።

“ስጪኝ እስቲ።” አክስት ጠጠሩን ተቀብለው በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉት። “ይሄማ የኛው ባሕር ዳር ድንጋይ ነው። ቴቪታ፣ ና ወዲህ።”

ቴቪታ አንገቱን ደፍቶ መጣ።

“ቶፉዋ ሄደሃል?”

“ሄጃለሁ አክስቴ። ሁለት ቀን ዙሪያዋን ዞርኩ፤ ማዕበሉ አያስጠጋም። አባባ የሰመጡበት ቦታ ስደርስ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ፈራሁ።”

ሴቶቹ ሁሉ ማሸታቸውን ተዉ። የአክስት ምላስ ለማንም እንደማይመለስ የማያውቅ የለም።

አክስት ወገባቸው ላይ የታጠቁትን የሐዘን ሰሌን አጥብቀው ተነሱ። አጠገብ ወዳለው የባላቸው መቃብር ሄደው ተንበረከኩ፤ ከመሃሉ ጥቁር ጠጠር በሁለት እጃቸው ዘገኑ።

“ይሄን ያመጣልኝ ወንድሜ ነው” አሉ። “ባሌ ቅር ካለው፣ እሱ ጋ ስሄድ እንታረቃለን። አንተ ደግሞ ያመጣኸውን እጠብና ከነጩ ጋር አንጥፈው፤ ወገኑ ከዚያ ነው።”

አንዲት ጎረቤት ብድግ ብላ ወደ እናቷ መቃብር ሄደች። ከዚያ ሌላዋ። በዚያ ግቢ ያለውን ጥቁር ጠጠር በሙሉ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ከቶፉዋ ያመላለሱት የቪካ አባት ነበሩ።

ቴቪታ የሸሚዙን ጫፍ ይዞ እንደ ቋት ዘረጋው። ሴቶቹ እየመጡ ጠጠሩን ይጨምሩበታል፤ እሱም ከክብደቱ የተነሳ ቀስ በቀስ እየተንበረከከ ነው።