ሾርባ ለማጉረስ ደግሞ ጭማሪ?

«ሾርባ ለማጉረስ ደግሞ ጭማሪ?!» ብሎ ጮኸባት…

እሱ የማተሚያ ቤት ባለቤት ነው። እሷ ስትሮክ የመታቸውን እናቱን የምታስታምም ሴት።

እናትየው ቶሎ መዋጥ አይችሉም። አንድ ማንኪያ ታጎርሳቸዋለች… ጉሮሯቸውን አይታ ትጠብቃለች… ከዚያ ሌላ ማንኪያ። አንዱ ሳህን አንድ ሰዓት ይፈጃል።

«ጋሼ፣ የቤት ኪራዩ፣ ትራንስፖርቱ…»

«ስሚኝ! እኔ አዲስ ማሽን አስገብቼ ሥራዬን ሦስት እጥፍ አፋጥኛለሁ። አንቺ ግን አምናም አንድ ሰዓት፣ ዘንድሮም አንድ ሰዓት! ምን ጨመርሽና ነው? ስግብግብ!»

ሴትዮዋ ክፉ አልተናገረችም። የእናትየውን ግንባር ስማ ሥራውን ለቃ ወጣች።

ሰውዬው ርካሽ አስታማሚ አገኘ። በቀን ስድስት ቤት የምታዳርስ፣ ሳህኑን በአሥር ደቂቃ ባዶ የምታደርግ!

«ቅልጥፍና ማለት ይሄ ነው!» እያለ ሲጎርር በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። እዚያው ማተሚያ ቤት ነው የምሠራው።

በሦስተኛው ሳምንት እናትየውን ሾርባው ትን አላቸው… ሳንባቸው ገባ።

አልተረፉም።

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል። እዚህ ግን የሚለቀም ነገር አልነበረም።

ከሐዘኑ ተነስቶ ሥራ የገባ ዕለት እኛ ክፍል መጣ። ያን ጠዋት ሥራ የጀመረች ሴት ከጎኔ መጽሐፍ ካርቶን ውስጥ ትደረድራለች።

ሲያያት ክው አለ።

«አንቺ?! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ተቀጥሬ ነዋ ጋሼ። ማሽኑ ከገባ ወዲህ ደሞዝ እጥፍ አደረጋችሁ አይደል? የሥራ ማስታወቂያውን ያየሁት እናትዎ ጋ እያለሁ ነው። እርስዎን የጠየቅኩት እዚህ የሚከፈለኝን ግማሽ እንኳ አይሞላም ነበር… እሳቸውን ጥዬ መሄድ አልሆንልሽ ብሎኝ።»

የያዘችውን መጽሐፍ ካርቶኑ ውስጥ አስቀምጣ ቀና አለች።

«እማማስ… ደህና ናቸው?»

ወይኔ! ለካ መሞታቸውን አልሰማችም። ሰውዬው ፊቱን አዙሮ ወደ ቢሮው ሄደ።

ወገኖቼ… «ምን ወጪ አለው፣ እጁ ብቻ አይደል?» እያልን ስንቱን አስለቀስን! ማሽን ወረቀት ያፋጥናል እንጂ የሰው ጉሮሮ አያፋጥንም። የሰው ጊዜ የሚወደደው ሁሌ በስግብግብነት አይደለም። ያ ሰው ሌላ ቦታ ቢሄድ የተሻለ ስለሚከፈለውም ነው።

እናንተ በሱ ቦታ ብትሆኑ ምን ብላችሁ ትመልሱላት ነበር? እስቲ ከታች ጻፉልኝ…