ጠብቆ የተነበበ ቃል

ስሕተቱን ማመን የፈራ ሰው ስሕተቱን በሌሎች ላይ ይደግማል።

በማርስ ከተማ መምህር ገላውዴዎስ «ልጅ ይሰጣል» የሚለውን የከተማዋን መሥራች ቃል አጥብቆ፣ ልጅ ለአምላክ ይቀርባል ብሎ ስላነበበ፣ በየዓመቱ አንድ ሕፃን አየር ወደሌለበት ሜዳ ለመሥዋዕት ይወጣል። የመጀመሪያው የገዛ ልጁ ነበር፤ ጫማው ዛሬም ከመምህሩ አልጋ ሥር አለ።

ዘንድሮ ተራው የማዕዶት ሆነ። እናቷ ስኂን በአየር በሩ ፊት አቅፋት ቆማ፣ ከመዛግብት ያገኘችውን የመሥራቹን የተቀዳ ድምፅ ከፈተች። ድምፁ ቃሉን አላልቶ ተናገረ።

«ሰሙ መምህር? አምላክ ልጅ ይሰጣል ነው ያሉት!»

«ዝጊው!» አለ ገላውዴዎስ፤ ጫማው ትዝ ብሎታል። «ቃሉ ከላላማ ልጄን ማን ገደለው?»

«እርስዎ ነዎት።»

ዘሎ ሕፃኗን ሊነጥቅ ሲል ሕዝቡ ያዘው። ሸንጎውም ፈረደበት፦ እስኪሞት ድረስ በየማለዳው ከበሩ ፊት ቆሞ፣ የልጁን ጫማ ይዞ፣ ቃሉን አላልቶ ያነባል።